ማሪቱና የዶሮዎቹ ወስፋት

ማሪቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ እስራኤል አገር፣ ገዴራ ከተማ ነው። ወላጆቿ ከጎንደር ከመጡ ገና ብዙ አልቆዩም፤ አባቷ አቶ ወርቅነህ በግቢው ጥግ ከቆርቆሮና ከሽቦ ትንሽ የዶሮ ቤት ሠርተው ነበር።

የማሪቱ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ ኩሱን ጠርጋ፣ እርጥቡን ጭድ አውጥታ፣ ውኃውን መቀየር። ግን ልጆች፣ ለሰነፍ አንድ ሥራም ብዙ ነው። ጓደኞቿ ገመድ ሲዘሉ ስትሰማ መጥረጊያውን ጥላ ትሮጣለች። እናቷ ወይዘሮ የሺሐረግ ጠርጋ እንደሆነ ሲጠይቋት «ቤሰደር፣ እምዬ» ትላለች። ቤሰደር በዕብራይስጥ ሁሉም ደህና ነው ማለት አይደል? ደህና ግን አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ነጯ ዶሮ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ማሪቱ ደረቷን ብትዳብሰው አጥንት ብቻ ሆነባት። ጎንበስ ብላ ኩሱን ስታይ ክር የሚመስሉ ነጫጭ ትሎች ይንቀሳቀሳሉ። ወስፋት ነው።

ማሪቱ ክው አለች። ለእናቷ ብትናገር ውሸቷ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ትሉን አፈር አለበሰችውና ዝም አለች። ውሸት ብቻውን መኖር አይወድም፣ ልጆች፤ ወዲያው ጓደኛ ይጠራል።

አርብ ጠዋት ኮሶ ትዝ አላት። ጎንደር ሳሉ ትልልቆቹ ሰዎች ሆዳቸው ትል ሲይዝ ኮሶ ወቅጠው፣ በጥብጠው ይጠጡ ነበር። እናቷም ያን መራራ መድኃኒት በጨርቅ ቋጥረው ከአገር አምጥተው ሣጥን ውስጥ አኑረውታል። ኮሶ ሲበዛ ሰው ይጥላልና ልጅ እንዳይነካው ከልክለዋል። ማሪቱ ግን ቋጠሮውን ፈታች። እፍኝ ሙሉ ዘግና ከዶሮዎቹ መኖ ጋር ደባለቀችው። ቀዩ አውራ ዶሮ ሌሎቹን እየገፋ ብዙውን በላ።

ከቀትር በኋላ ነጯ ዶሮ ሞታ አገኘቻት። ከቆርቆሮው ጀርባ ሸሸገቻት። ወደ ቤት ስትገባ እናቷ ሽንኩርት እየከተፉ ነው። ለቅዳሜ ሰንበት ቀዩ አውራ ሊታረድ ነው። የሚያርዱት የቤተ እስራኤል ካህን፣ ቄስ ዳኘው፣ ከቂርያት መልአኪ ከተማ ተነሥተዋል፤ አባቷም ያቭነ ከተማ ካለው ፋብሪካ ዛሬ በጊዜ ይመጣሉ። ታናሽ ወንድሟ ታዬ ሥጋ ሊበላ ነውና ይፈነጥዛል።

ማሪቱ ታዬን አየችው። ኮሶው በአውራው ሆድ ውስጥ ነው። አውራው ደግሞ ታዬ ሆድ ሊገባ ነው። ብትናገር ትቀጣለች። ዝም ብትልስ? ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ ፈራች።

ቄስ ዳኘው ደረሱ። የቢላውን ስለት በጥፍራቸው ፈተኑ። አባቷ አውራውን ያዙ፤ ቄሱ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዞሩ። ታዬ ሊያይ ተጠጋ። ማሪቱ የአባቷን እጅጌ ያዘች።

«አባ፣ እንዳያርዱት» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። እንደገና ሞከረች። «አባ፣ ኮሶ አብልቼዋለሁ። ታዬ እንዳይበላው።»

ቢላው ቆመ። ማሪቱ እያለቀሰች ሁሉን ተናገረች፤ ያልጠረገችውን፣ የሸፈነችውን ትል፣ የፈታችውን ቋጠሮ። የሞተችውንም ዶሮ አሳየች። እናቷ መጀመሪያ የታዬን እጅና አፍ አገላብጠው አዩ። ኮሶውን አልነካም ነበር።

ቄስ ዳኘው ቢላቸውን ሰገባው ውስጥ አስገቡ። «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሏት። «በጊዜው ነግረሽን ቢሆን ነጯ ዶሮ መድኃኒት ነበራት።» ማሪቱን ይህ ከቁንጥጫ በላይ አመማት።

የዚያ ሰንበት ማዕድ ምስር ብቻ ነበር። ታዬ ሥጋ አጣሁ ብሎ አለቀሰ። ማሪቱ ለቅሶውን ስትሰማ ደስ አላት፤ የሚያለቅስ ልጅ ደህና ልጅ ነዋ።

እሁድ የእንስሳት ሐኪም መጡ። በውኃ የሚሰጥ የትል መድኃኒት አዘዙ፤ እሳቸው እስኪፈቅዱ እንቁላሉም ሥጋውም እንዳይበላ አስጠነቀቁ። ዶሮዎቹ ኩስ ያለበት ላይ ሲለቅሙ ትሉ ስለሚመለስ ቤታቸው በየቀኑ መጠረግ አለበት አሉ። ከዚያ ትሉን መጀመሪያ ማን እንዳየው ጠየቁ። አባቷ ሊመልሱ ሲሉ ማሪቱ ቀደመቻቸው።

«ያየሁት እኔ ነኝ» አለች። «የደበቅሁትም እኔ ነኝ።»

ልጆች፣ ጥፋት ስትሠሩ ፈርታችሁም ቢሆን ቶሎ ተናገሩ፤ የተደበቀ ጥፋት ከእናንተ አልፎ የምትወዱትን ሰው ይጎዳልና።