አንድ እፍኝ የገል ዱቄት

በኅዳር ወር ፲፱፻፹፰ ዓመተ ምሕረት፣ ቦንጋ የባጃጅን ጩኸት ገና ሳታውቅ፣ ከደኑ የሚነሣው ጉም እስከ ረፋድ ድረስ በቆርቆሮ ጣሪያዎቿ ላይ ተኝቶ በሚቆይበት በዚያ ዘመን፤ የከተማው ሰው አዲስ ነገር ማየት ለምዶ ነበር። ወታደራዊው መንግሥት ከወደቀ አራት ዓመት አልፏል፤ አገሩ በክልልና በዞን ተሸንሽኗል፤ ቦንጋም የከፊቾና ሸኪቾ ዞን መቀመጫ ሆና፣ ትናንት የእህል መጋዘን የነበረው ሁሉ ዛሬ ቢሮ እየተባለ በሩ ላይ ሰሌዳ ይሰቀልበት ጀምሯል። ከጅማ የሚመጣው አውቶቡስ ጭቃ ሲይዘው ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ይገፋ ነበር፤ ገፍቶም ይሳሳቅ ነበር። ያን ዘመን ሳስብ ልቤ ይባባል፤ ደግ ነበር ስል ግን ለሁሉም ደግ ነበር ማለቴ አይደለም።

ከወንዙ ማዶ፣ ሸክላ ሠሪዎች ብቻ በሚኖሩበት ሰፈር፣ ወይዘሮ ብርቅዬ የሚባሉ ሴት ነበሩ። «ወይዘሮ» ማለቴን የዚያ ጊዜ ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል፤ በሃያ ዓመት የሚያንሳቸው ሁሉ «አንቺ» ይላቸው ነበርና። እሳቸው በሠሩት ማሰሮ ቦንጋ ውሃዋን ትቀዳለች፤ እሳቸው በሠሩት ድስት ወጧን ትሠራለች፤ እሳቸው የጠጡበትን ኩባያ ግን ደፍሮ የሚነካ አልነበረም። ይህን ንቀት ችለው የኖሩት በአንድ ኩራት ነው፤ የእሳቸው እጅ የሚያውቀውን የናቂዎቻቸው እጅ አያውቀውም። ሌላ ሀብት አልነበራቸውም፤ ከልጃቸው ከትሕትና በቀር።

ትሕትና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ በዞኑ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆናለች። ጭቃ ስትነካ ግን እጇ አይታዘዝላትም፤ የሰፈሩ ሴቶች «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያሉ ይቀልዱባታል። በዚያ ወራት ግዛቸው የሚባል መምህር ሊያገባት ፈልጎ፣ አባቱን አቶ ወልደሥላሴን ሽማግሌ ይላኩልኝ ብሎ ከለመነ ሰንብቷል። አባትየው በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እሺም እንቢም አላሉም። ወይዘሮ ብርቅዬ የእኚህን ሰው መልስ እንደ ዝናብ ይጠብቃሉ።

እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን ሃያ ሴቶችን ሸክላ አሠልጥኖ በማኅበር ለማደራጀት በዞኑ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የዞኑ የሥልጠና ባለሙያ አቶ ተድላ፣ ከአዋሳ የመጡ፣ ወረቀት የሚወዱ ቅን ሰው፣ ተነሥተው ተናገሩ።

«እኅቶቼ፣ ሙያ ማለት ትምህርት ነው። ሙያው ውስጥ የተወለደ ብቻ ነው የሚሠራው የሚባለው የድሮ አስተሳሰብ ነው። ወይዘሮ ብርቅዬ ያስተምሩናል፤ ከሦስት ወር በኋላ ሃያ ሸክላ ሠሪ ይኖረናል!»

ወይዘሮ ብርቅዬ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ሸንጎ ፊት ቆመው አያውቁም። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ያን ዕለት ግን አልተንተባተቡም።

«ማስተማሩን አስተምራለሁ፣ ጌታው። ግን ልንገርዎ፤ ይሄ ነገር በደም ነው። ከእናቴ ማሕፀን ይዤው መጣሁ። ደሙ የሌለው ሰው እጁን ያቆሽሻል እንጂ ሸክላ አይሠራም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ ወልደሥላሴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸውም አጨበጨቡ። ቃለ ጉባኤውን በታይፕ የመታችው ትሕትና ነበረች፤ የእናቷን ቃል እንደ ተነገረ አስፍራ፣ ማኅተም አስመታችበት። ወይዘሮ ብርቅዬ ያን ቀን ወንዙን የተሻገሩት ቀና ብለው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አድንቋቸዋልና።

ሥልጠናው ተጀመረ። ከሠልጣኞቹ አንዷ ካውሰር ትባላለች፤ አባቷ ኢስሃቅ ከወሎ መጥቶ ቦንጋ ላይ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው። ማትሪክ አልመጣላትም፤ በሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዝንብ ማባረር ሲሰለቻት ተመዘገበች። እጇ ከባድ ነው፤ የምትሠራው ሁሉ ወደ ጎን ይዘማል፤ እሷ ግን አፍርሳ ትጀምራለች፤ ደግማ ታፈርሳለች። ሌላዋ ላቀች ከማንኪራ የመጣች የቡና ለቃሚ ልጅ ናት፤ ዝም ብላ ትሠራለች፤ ጭቃው በጣቷ ሥር ሲዞር አይቶ የማይገረም አልነበረም።

ወይዘሮ ብርቅዬ አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር አሳዩ፤ እንዴት እንደሚቦካ፣ እንዴት እየተድበለበለ እንደሚነባበር፣ በድንጋይ እንዴት እንደሚለሰልስ አስተማሩ። አንድ ነገር ብቻ አስቀሩ። የሸክላ አፈር ብቻውን እሳት አይችልም፤ የተሰባበረ የድሮ ሸክላ፣ ገል የሚባለው፣ ተወቅጦና ተነፍቶ ይቀላቀልበታል። ይህን ከእናታቸው የተማሩት በሰባት ዓመታቸው ነው፤ ለሃያዎቹ ሴቶች ግን ቃል አልተነፈሱም፤ የራሳቸውን ጭቃም ቤታቸው አቡክተው ይዘው ይመጡ ነበር።

የመተኮሻው ቀን ደረሰ። ኩበቱና የባሕር ዛፉ ቅርፊት ተቀጣጠለ፤ ሃያዎቹ ማሰሮዎች ከወይዘሮ ብርቅዬ ማሰሮ ጋር እሳት ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ጧ! አለ አንዱ። ጧ! አለ ሌላው። አመዱ ሲገለጥ ከእሳቸው ማሰሮ በቀር ደኅና የወጣ አልነበረም። «ደም ነው ለካ!» አለ ሊያይ የመጣው ሰው ሁሉ። ካውሰር ስብርባሪዋን በነጠላዋ ሰብስባ፣ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። አቶ ተድላ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። ወይዘሮ ብርቅዬ ደስ አላቸው፤ የካውሰርን ፊት ግን ቀና ብለው አላዩም።

በሦስተኛው ቀን ትሕትና በምሳ ሰዓት ቤት መጣች። አልተቀመጠችም።

«አቶ ወልደሥላሴ መልስ ሰጡ» አለች።

«ምን አሉ?»

«ልጅቷ ጨዋ ናት፤ የተማረችም ናት፤ ደም ግን በትምህርት አይታጠብም አሉ።»

«ይህን ማን ነገራቸው?»

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ! ‹እናቷ በአደባባይ የመሰከረችውን እኔ ምን ልጨምርበት? እሳቱም መስክሯል› ነው ያሉት።»

ወይዘሮ ብርቅዬ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሳቸው ቃል ግን አፋፍ ላይ አልቀረም፤ ዞሮ ቤታቸው ገብቶ ልጃቸውን አገኛት።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ገል ስወቅጥልሽ ኖርኩ» አለች ትሕትና፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ለነዚያ ሴቶች ነግረሻቸዋል? ወይስ ደማችን ያለው ሙቀጫው ውስጥ ነው?»

ልጅቱ ሳትበላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወይዘሮ ብርቅዬ እዚያው በርጩማቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ዋሉ፤ ምሥጢሩን ቢሰጡ እጃቸው እንደ ማንም እጅ ይሆናል፤ ቢይዙት ግን ልጃቸው በገዛ እናቷ ቃል እንደ ታሰረች ትኖራለች። ይህን የሚያማክሩት ሰው አልነበራቸውም።

በማግሥቱ አቶ ተድላ ሥልጠናው መቋረጡን ለሴቶቹ ሲያስረዱ፣ ወይዘሮ ብርቅዬ ሙቀጫ ተሸክመው፣ ገል የሞላ ቅርጫት አንጠልጥለው ገቡ። መሬት ላይ ተቀምጠው መውቀጥ ጀመሩ።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ወይዘሮ ብርቅዬ?»

«ዋሽቻለሁ፣ ጌታው። እናንተንም ዋሽቻችኋለሁ፣ ልጆቼ። ደም አይደለም። ለሦስት እፍኝ አፈር አንድ እፍኝ የገል ዱቄት ነው። አንድ ጊዜ እሳት ያየ ነው ሌላውን እሳት የሚያስችለው። ይህን ደበቅኋችሁ።»

ካውሰር ብድግ አለች።

«እትዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ የገዛ እጄን ስረግም ነው የኖርኩት! አላህ ይይልዎት!»

እስከ በሩ ሄደች፤ እዚያም ጥቂት ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ከሙቀጫው አጠገብ ቁጢጥ አለችና ዘነዘናውን ከወይዘሮ ብርቅዬ እጅ ወሰደች።

«ስንት እፍኝ አሉ?» አለች።

በየካቲት ወር ዳግመኛ ተተኮሰ። ከሃያው ማሰሮ አሥራ አራቱ ደኅና ወጣ። የካውሰር ማሰሮ ወፍራምና ዘመም ያለ ነበር፤ ውሃ ሲሞላበት ግን ጠብታ አላፈሰሰም። የላቀችን ማሰሮ ወይዘሮ ብርቅዬ አንሥተው፣ ቀጭን አንገቱን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ።

«ታዲያ ሲወለዱ ይዘውት የሚመጡት ነገር ጨርሶ የለም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ አቶ ተድላ፤ እንዳሸነፈ ሰው ፈገግ እያሉ።

«አለ እንጂ፣ ጌታው። ይህን አንገት እኔ አላስተማርኋትም። ግን ሲመጣ የማን ቤት ነው ብሎ አይጠይቅም፤ የእኔን ልጅ ትቶ ማንኪራ ወረደ። ሌላው ሁሉ ግን ትምህርት ነው። የካውሰር ማሰሮ ተጣሞም ውሃ ይይዛል።» ቀጥለውም፣ «ያ በስብሰባው ላይ ያልሁት ቃል ይታረምልኝ» አሉ።

አቶ ተድላ ጭንቅላታቸውን አከኩ። ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ አይነካም፤ በሪፖርቱ ላይ ይጠቀሳል ብለው ተስፋ ሰጧቸው። ሪፖርቱ ሲጻፍ ግን ለዚህ ዐይነት ነገር የተተወ ቦታ አልተገኘም።

ትሕትናና ግዛቸው በዓመቱ በማዘጋጃ ቤት በምስክር ተጋቡ። አቶ ወልደሥላሴ አልተገኙም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከልጃቸው ቤት እህል አልቀመሱም። የቦንጋ ገበያ በካውሰርና በላቀች ሸክላ ሞላ፤ የወይዘሮ ብርቅዬ ደንበኞች አንድ በአንድ ወደዚያ አዘነበሉ፤ ከሸክላ ሠሪ ወገን ይልቅ ከነጋዴና ከቡና ለቃሚ ልጅ መግዛት ሳይቀልላቸው አልቀረም። ወይዘሮ ብርቅዬ አዘኑ፤ ይህንንም ለትሕትና ሳይሸሽጉ ነገሯት። ተጸጽተው እንደሆን ስትጠይቃቸው ግን አልተጸጸትሁም አሉ።

እሳቸው ካረፉ ቆይቷል። ያን ዘመን የሚያጠና ሰው መዝገብ ቢያገላብጥ የሚያገኘው ሁለት ወረቀት ብቻ ነው፤ አንዱ ሙያ በደም ነው ሲባል የተጨበጨበበት ቃለ ጉባኤ፤ ሁለተኛው ሃያ ሴቶች ሠለጠኑ የሚል፣ የአሠልጣኟ ስም የሌለበት ሪፖርት። ወይዘሮ ብርቅዬ መሬት ላይ ተቀምጠው የተናገሩትን ግን የጻፈው የለም። ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በወንበር ተቀምጦ የተናገረውን ነው።

በ፪ሺህ ዓመተ ምሕረት ካውሰር ሴቶች እንድታሠለጥን ወደ ሌላ ወረዳ፣ ወደ ደካ ተላከች። በመጀመሪያው ቀን የምታውቀውን ሁሉ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ይህን ሁሉ ማን እንዳስተማራት ሲጠይቋትም «ወይዘሮ ብርቅዬ የሚባሉ የቦንጋ ሴት» አለች። ከሴቶቹ አንዲት፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ዐይኗን ጠበብ አድርጋ አየቻት።

«የማን ወገን ናቸው?»

«የመምህሬን ስም ነገርኋችሁ» አለች ካውሰር። «ወገናቸውን አላስተማሩኝም።»