በሩን የተደገፈው መጥረጊያ

ኦይቫ ሞቶ የተገኘው ራሱ ነድፎ ራሱ ባቆማት ጎጆ ውስጥ ነው። ነፋስ የጣላቸውን ዛፎች ብቻ እየለቀመ፣ አፈሩ እንዳይጎዳ በድንጋይ ላይ አንሥቶ፣ ጣራዋ ላይ ሣር አብቅሎ የሠራት አንዲት ክፍል ናት። ከሐይቁ ማዶ ላያት ከጫካው ጋር አብራ የበቀለች ትመስላለች። በዚህች ጎጆ ያልቀና ሰው አልነበረም። መርማሪ ሲርካ እንኳ ገና ከመኪናዋ ስትወርድ ቅናት ሽው አለባት። የቀድሞ ባሏ ለአዲሷ ሚስቱ እንዲህ ያለች ጎጆ እየሠራላት መሆኑን ባለፈው ሳምንት ነው የሰማችው።

የወረዳው ፖሊስ ፔንቲ ምድጃው አጠገብ ሆኖ ጠበቃት።

«ፍሙ ሳይጠፋ የጭስ ማውጫው መዝጊያ ተዘግቷል። በተኛበት ታፍኖ ሞተ። ራሱ ዘጋው እንዳልል፣ ‹ፍም እያለ መዝጊያ አትንኩ› እያለ አገሩን ሲያሰለች የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ናት። ትናንት ከሰዓት ጩኸታቸው እስከ ማዶ ተሰምቷል። ሲመሽ ይዣት እሄዳለሁ።»

«እስኪመሽ ጊዜ አለን ማለት ነው» አለች ሲርካ። «ከጠዋት ጀምሮ ማን ገባ?»

«እሷ፣ እኔ፣ ሐኪሙ። ሌላ ሰው አላስገባሁም።»

ሲርካ አልጋው ላይ ጎንበስ አለች። ከአሮጌ ጥድ የተሠራ ነው። ራስጌው ላይ ቅርፊቱ ሳይላጥ ተትቷል፤ ቅርፊቱ ላይ በመጥረቢያ የተበጀ የቆየ የመስቀል ምልክት አለ። መስኮቱ ከራስጌው በላይ ስለሆነ ከውጭ ሆኖ ምልክቱን ማየት አይቻልም።

ሳይሚ፣ የሟች ሚስት፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አልጋው መቼ ተሠራ?»

«ትናንት ከምሳ በኋላ ገጣጠመው። እስከዚያ ሳንቃው በሸራ እንደተጠቀለለ ነው የከረመው።»

«ከዚያ ተጣላችሁ። በምን?»

«በዚህችው ጎጆ። ከዚህ በላይ አልናገርም።»

«ሌሊቱን የት አደርሽ?»

«መኪናዬ ውስጥ፣ ጫካው ጥግ። ጠዋት መጥቼ በሩን ስከፍት...» ቀሪውን እንባዋ ዋጠው።

«ዝምታሽ ወህኒ ያወርድሻል እኮ።»

«ያውርደኝ» አለች ሳይሚ። አፍራለች እንጂ አልፈራችም። ሲርካ ይህን ዓይነቱን እፍረት ከራሷ ቤት ታውቀዋለች።

የኦይቫ የሥራ ባልደረባ ዮአኪም ከሄልሲንኪ ሌሊቱን ሲነዳ እንዳደረ ተናገረ፤ ምስክር ግን አልነበረውም።

«ጎጆዋን አብረን ነደፍን፤ ሽልማቱን ብቻውን ወሰደ። አዎ፣ ቀንቻለሁ። አንጀቴ እስኪያር ቀንቻለሁ! ከፈለግሽ ጻፊው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ታውኖ ግን ለስላሳ ሰው ነው። የአባቱ ቤት ደጅ ላይ ለሳይሚ ዓሣ እየጠበሰ ሲርካ አገኘችው።

«ሳይሚን ተዉአት፣ እባክዎ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

«አንተስ ጎጆዋ ጋ ትሄድ ነበር?»

«ከፀደይ ወዲህ በዚያ አላለፍኩም። አባታችን የሐይቁን ዳር ለሱ ሰጥቶ ደኑን ለኔ ተወልኝ። እኔ ዕድሜዬን ዛፍ ስጠብቅ፣ ተፈጥሮን ወዳጅ እየተባለ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ይሁና! የአባቴን የመጥረቢያ ምልክት ራስጌው አድርጎ፣ እንደ ጌታ ተንጋሎ... በዚያው ቀረ።»

ሲርካ ዓሣው እንዳያርበት ነግራው ሄደች።

በመጨረሻ የተጠየቁት ጎረቤቲቱ እማማ ሂልማ ነበሩ።

«ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ጥቁር ዳቦ ይዤለት መጥቼ ነበር። መጥረጊያው በሩን ተደግፎ ባየው ጊዜ ተመለስኩ።»

«አላንኳኩም?»

«አንቺ ደግሞ! መጥረጊያ በር ላይ ቆሞ ምን ያስንኳኳል? ‹ቤት ውስጥ ሰው የለም› ማለት እኮ ነው። የከተማ ልጅ ነሽ መሰል።»

«ነኝ፣ እማማ። ይህን ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

ሊመሽ ሲል ሲርካ ሁሉንም ወደ ጎጆዋ ጠራቻቸው። መጥረጊያውን በሩ ላይ አስደግፋ በጓሮ በር ገባችና ከፔንቲ ጋር ቁጭ አለች። መጀመሪያ የመጣችው ሳይሚ መጥረጊያውን ገፋ አድርጋ ገባች። ሲርካ መልሳ አቆመችው። ዮአኪም ደግሞ በእግሩ ጣለው። እንደገና አቆመችው። ከዚያ ወዲያ የሚገባ ጠፋ። በመስኮት ብታይ ታውኖና እማማ ሂልማ ደጅ ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ!»

«ሰው ያለ አልመሰለንም» አሉ ሂልማ እየገቡ።

ሁሉም ሲቀመጡ ሲርካ ጀመረች።

«ተኝቶ የሚሞት ሰው ከውጭ መጥረጊያ አያቆምም። መዝጊያውን የዘጋው ሰው ሲወጣ ነው ያቆመው። የከተማ ሰዎች ትርጉሙን አታውቁም፤ አሁን አየኋችሁ። እማማ ሂልማ ቢሆኑ ኖሮ ‹መጥረጊያ አየሁ› ብለው ባልነገሩኝ። ታውኖ፣ ከፀደይ ወዲህ በዚህ አላለፍክም?»

«አላለፍኩም።»

«አልጋው የተገጠመው ትናንት ከምሳ በኋላ ነው። ምልክቱ ራስጌ ላይ መሆኑን የሚያውቀው አልጋው አጠገብ የቆመ ብቻ ነው። ዓሣ ስትጠብስ ነገርከኝ። ቅናትህ ነው ያናገረህ።»

ታውኖ ለመካድ አፉን ከፈተ፤ ግን አልጋው ፊት ለፊቱ ነበር።

«እርቅ ልጠይቀው ነበር የመጣሁት» አለ። «ጠጥቶ ተኝቷል። የአባቴን ዛፍ ተንተርሶ! እጄ መዝጊያውን ሳበው። ስወጣ መጥረጊያውን አቆምኩ፤ አስቤበት አይደለም፣ አባታችን ቤት ስንዘጋ እንዲያ ነው ያስለመደን።»

«አንኳኩቼ ቢሆን ኖሮ...» አሉ ሂልማ።

ሳይሚ ተነሣችና ታውኖ ፊት ቆመች።

«የተጣላነው በምን እንደሆነ ልንገርህ? እሑድ ጠርቶ ቁልፉን ሊሰጥህ ነበር። ጎጆዋን የሠራው ላንተ ነው፤ አልጋውንም ምልክቱንም። ‹ከአባቴ እኔ ብዙ ወሰድኩ› አለኝ። እኔ ደግሞ ቀናሁብህ። ‹ለኔ አንድ ወንበር ሳትሠራ!› ብዬ ጮኼበት ጥዬው ሄድኩ።»

«ውሸትሽን ነው» አለ ታውኖ። «ሳይሚ፣ ውሸቴን ነው በይኝ።»

ፔንቲ ክንዱን ይዞ እስከ መኪናው ሲወስደው፣ ታውኖ ወደ ኋላ እየዞረ የሚለምናት ይህንኑ ነበር።