የእታለማሁ መደርደሪያ

እታለማሁ ማክሰኞ ቀን ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ባለው አፓርታማዋ ወጥ ቤት ውስጥ በራሷ የቲማቲም ጣሳዎች ተቀብራ ተገኘች። ያገኘቻት የእህቷ ልጅ ሩሐማ ናት። ከሥራ ተመልሳ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የተጋደመውን መደርደሪያ አየች፤ ቀጥሎ ከጣሳዎቹ ሥር የወጣውን የአክስቷን እጅ። ፖሊሶች መጡ፣ ፎቶ አነሡ፣ አደጋ ነው ብለው ሄዱ።

ሩሐማ ግን አደጋ አላለችውም። መደርደሪያውን ከካርቶን አውጥታ የገጠመችው እሷ ናት። ከግድግዳው ጋር በብሎን መታሰር ነበረበት። «ነገ አስረዋለሁ» ብላ የተወችውም እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ስትጠብቅም፣ ፊቷን ስትታጠብም ጣሳ ሲንኮታኮት ይሰማታል። አንዳንዴ እየሮጠች ወጥ ቤት ትገባለች፤ ምንም የለም። አክስቴን ገደልኳት ትላለች በልቧ፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም።

በዚያ ሰፈር የመጣ ሐበሻ ሁሉ የአሜሪካን ኑሮ የጀመረው በእታለማሁ መቀስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሩሐማንም በመጣች በሳምንቷ አስቀምጣ አስተምራታለች።

«የእሑድ ጋዜጣ ትገዣለሽ። የዋጋ ቅናሽ ኩፖኑን ቆርጠሽ ወዲያው ሱቅ አትሮጪ፤ ዕቃው ረክሶ ሴል እስኪወጣ ጠብቂ። ከዚያ የኩፖኑን ቅናሽ ደብል፣ እጥፍ የሚያደርጉበት ሱቅ ይዘሽ ሂጂ። ስትገዢ አዲሱን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት ደርድሪ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ የኔ ልጅ።»

ሐሙስ ዕለት፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ አይናዲስ የምትባል ሴት መጣች። አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ዳላስ ደግሞ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ትሠራለች። የላካት መደርደሪያውን የሠራው ፋብሪካ ኢንሹራንስ ሲሆን፣ ጥፋቱ የፋብሪካው ይሁን የገጣሚው እንድታጣራ ነው። ይህን ነግራ ሩሐማን ከለቀስተኛው ነጥላ ወጥ ቤቱ በር ጥግ ወሰደቻት።

«አንቺ ነሽ የገጠምሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ ግን አላሰርኩትም። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።»

«ገና መቼ ጠየቅኩሽ? ለጥፋተኝነት እንዲህ የሚቸኩል ሰው ብዙ አላየሁም» አለችና ወጥ ቤቱን ቃኘች። እንግዳ ሲመጣ ቤት ያሳፍራል ብለው ሴቶቹ ጠርገውት፣ መደርደሪያውን አቁመው፣ ጣሳውን ሁሉ መልሰው ደርድረውታል። «እጃችሁ ይባረክ እናቶቼ፤ ለእኔ ግን ምንም አላስቀራችሁልኝም።»

ያም ሆኖ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች ታገላብጥ ጀመር። ሴቶቹ ተያዩ። መርማሪ ነች ያሏት ሴት ዋጋ የምታይ መሰለቻቸው።

ከለቀስተኞቹ መጀመሪያ የጠየቀችው በቀጥታ ከታች ያለው ቤት የምትኖረውን አረጋሽን ነው። አረጋሽ ሴል የወጣውን ሳሙና ለአዲስ መጤዎች ሳታስቀር ጠራርጋ ወስዳ ከእታለማሁ ጋር ተጣልታ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ማክሰኞ ቤት ነበሩ?»

«ዴይ ኦፌ ነበር፤ ሥራ አልገባሁም። ከቤት አልወጣሁም።»

«ምን ሰሙ?»

«ምንም።»

«ይህ ሁሉ ጣሳ ከራስዎ በላይ ሲወድቅ ምንም?»

«ማርያምን! ምንም አልሰማሁም!»

ለቀስተኛው ተንሾካሾከ። ሩሐማም አረጋሽን በጥርጣሬ አየቻት፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ይሆን ይሆናል ብላ በመመኘቷም ወዲያው ራሷን ጠላችው።

አይናዲስ ቀጥላ የኩፖኑን ሣጥን አስከፈተች። «የውሻ ምግብ ኩፖን የት አለ?»

«ውሻ እኮ የለንም» አለች ሩሐማ።

«አውቃለሁ። ከቆሻሻው ጋር ሊጣል የተቀመጠውን የእሑድ ጋዜጣ ግን እዪው። የውሻው ሥዕል ከነኩፖኑ ተቆርጦ ጆሮው ብቻ ቀርቷል።»

«የማንፈልገውን ሁሉ እኔ ከመጋረጃ ቁራጭ በሰፋሁላት ከረጢት ታጠራቅመዋለች። ለጋሽ ሞገስ ትሰጠዋለች፤ እሱ ደግሞ ሱቁ ለሚመጡ አዲስ ሰዎች ያድላል።»

«ከረጢቱስ?»

ሩሐማ ከበሩ ጀርባ ያለውን ምስማር አየች። ባዶ ነው።

ሞገስ ያን ጊዜ እግሩን ወደ ቤት አስገባ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው፣ ለለቅሶው ሩዝና ለስላሳ በመኪና ያራገፈ፣ ሁሉም የሚያከብረው ሰው ነው። ሩሐማን አቅፎ አባበላት።

«ሩሐማዬ፣ ባስረው ኖሮ እያልሽ ራስሽን እንዳትጎጂ። ማን የማይሳሳት አለ?»

ሩሐማ ከእቅፉ ወጣች። አይናዲስ ዳቦ እየቆረሰች ቀና አለች።

«ጋሽ ሞገስ፣ እታለማሁን መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

«ኧረ ወር ሆኖናል! ሥራ መቼ ፋታ ይሰጣል?»

«ሱቅዎ የውሻ ምግብ ይሸጣል?»

ሞገስ ሳቀ። «ሐበሻ እዚህ ውሻ የት አለው? እኔ የምሸጠው በርበሬና ሽሮ ነው።»

«ለነገሩ እኔም የለኝም» አለች አይናዲስ፤ ዳቦዋን ጨርሳ ሄደች።

እታለማሁ ቅዳሜ ተቀበረች። በሰልስቱ አይናዲስ ተመልሳ መጣች፤ አረጋሽን፣ ሞገስንና ሩሐማን ወጥ ቤቱ በር ላይ አቆመቻቸው። ለቀስተኛው ከኋላቸው ተሰበሰበ። አንድ የቲማቲም ጣሳ አንሥታ እጇን ከፍ አደረገችና ለቀቀችው። ንጣፉ ላይ ሲያርፍ ቤቱ ጮኸ። ሩሐማ ጆሮዋን ይዛ ቁጢጥ አለች።

አይናዲስ ጣሳውን አንሥታ አሳየች። ጠርዙ ሰርጉዷል።

«ይህ አንድ ጣሳ ነው። ማክሰኞ ወደቁ የተባሉትን ግን ሁሉንም አይቻቸዋለሁ። አንድም የተሰረጎደ የለም።»

«ታዲያ?» አለች አረጋሽ።

«ታዲያማ እርስዎ አልዋሹም። ምንም ያልሰሙት ምንም ስላልወደቀ ነው። አንድ ሰው ጣሳዎቹን አውርዶ፣ መደርደሪያውን ቀስ ብሎ አጋድሞ፣ ጣሳዎቹን በእጁ እያነሣ ላይዋ ላይ አስቀመጠ። ከታች ሰው እንዳይሰማ ተጠንቅቋል። ልማድም ረድቶታል፤ የተሰረጎደ ጣሳ አይሸጥማ።»

«ሶ? ምን ይሁን? ጣሳ የሚይዝ ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል» አለ ሞገስ።

«ልክ ብለዋል። ለዚህ ነው ስለ ውሻ የጠየቅኩዎት። ደንበኛ የሰጠውን ኩፖን ባለሱቅ ዕቃውን ላመረተው ፋብሪካ ይልካል፤ ፋብሪካው ገንዘቡን ይመልስለታል። ዕቃውን ሳይሸጥ ኩፖኑን ብቻ ቢልክስ? ዓርብ ዕለት ለውሻ ምግቡ ፋብሪካ ስልክ ኮል አደረግኩ። በርበሬና ሽሮ የሚሸጠው ሱቅዎ የውሻ ምግብ እንደሸጠ እየተቆጠረ በየወሩ ይከፈለዋል። እታለማሁ ለድሃ ብላ የቆረጠችው የት እንደገባ ደረሰችበት።»

«ግምት ነው!»

«ከረጢቱ ግምት አይደለም። ዛሬ ጠዋት ፖሊሶች ሱቅዎ ውስጥ ከሚዛኑ ሥር አገኙት። ከመሞቷ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የወጣ ኩፖን አለበት። እርስዎ ግን ወር ሙሉ አላየኋትም ብለውኛል። ደግሞስ መደርደሪያው እንዳልታሰረ ይህች ልጅ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። እርስዎ ‹ባስረው ኖሮ አትበይ› ብለው ሲያጽናኗት ሰምቻለሁ። መደርደሪያውን በእጅዎ ካላጋደሙት ማን ነገረዎት?»

ሞገስ በሩን አየ። ደጅ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ለሁሉም እናገራለሁ፣ ለፋብሪካውም አመለክታለሁ አለችኝ» አለ ድምፁ ተሰባብሮ። «ከረጢቱን ያዝኩ፤ እሷም ያዘች። ሳብኩት። ስትለቀው ወደ ኋላ ሄዳ ጭንቅላቷ የወጥ ቤቱን ካውንተር ጠርዝ መታው። ልግደላት አላልኩም።»

ሩሐማ ከወለሉ ተነሣች። «ጣሳውን ስትደረድርባት ትተነፍስ ነበር?»

ሞገስ አንገቱን ደፋ።

«ጋሽ ሞገስ፣ ትተነፍስ ነበር ወይ?»

ሞገስ ሁለት እጆቹን ለፖሊሶቹ ዘረጋ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ መንገድ የዘጋ ሰው አልነበረም፤ የሰደበውም የለም።

አይናዲስ እጇን ሩሐማ ትከሻ ላይ አደረገች። «በሪፖርቴ ላይ ገጣሚዋ ጥፋት የለባትም ብዬ እጽፋለሁ። ሰማሽኝ?»

ሩሐማ ሰምታለች። ይህን ሁሉ ቀን የለመነችው ይህን ቃል ነበር፤ ሲመጣ ግን እፎይታ ይዞ አልመጣም። ሰሞኑን ያለቀሰችው ሁሉ ለራሷ እንደነበር አሁን ገባት፤ ለጥፋቷ፣ ለፍርሃቷ። እዚህ ወለል ላይ እየሰማች፣ መናገር አቅቷት፣ ብቻዋን ለሞተችው ሴት አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም ነበር።

«አክስቴ» አለች ወለሉ ላይ ተቀምጣ፤ ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። አረጋሽ ነጠላዋን አስተካክላ ከጎኗ ተቀመጠችና ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ።