ተቆርጧል የተባለው አውራ ጣት

በብረታ ብረት ሥራ ቤቱ በር ላይ ሃምሳ ሁለት ምስማር የተመታበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሠራተኛው ማታ ሲወጣ መታወቂያውን ምስማሩ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ጠዋት ሲገባ ያነሣዋል። ያረፈደ ቢኖር ሰዓት ተቆጣጣሪው ካርዱን አንሥተው በሰዓቱ እንደገባ ይመዘግቡለታል። ይህን ሁሉም ሰው ደግነት ይለው ነበር። ሰዓት ተቆጣጣሪውንም ትልቁም ትንሹም «ወንድም ጋሼ» ይላቸዋል። ከሠራተኞቹ አንዱ ለሆነው ለበያጁ ግን የእውነት ዘመዱ ናቸው፤ የሚስቱ ታላቅ ወንድም።

ሌላም ደግነት ነበራቸው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ባዶ የጉዳት ማመልከቻ ቅጽ ያስፈርሙታል። «አደጋ ቀጠሮ አይሰጥም። እጅህ ከተቆረጠ በምን ትፈርማለህ?» ይላሉ። ሰው ይስቅና ይፈርማል።

አልፈርምም ያለች አንዲት ቀለም ቀቢ ብቻ ነበረች። መታወቂያዋን ምስማር ላይ አትሰቅልም። ኮፒ ስጪ ስትባልም ቀኑንና የሰጠችበትን ጉዳይ ኮፒው ላይ በሰያፍ ካልጻፈች አትሰጥም። በያጁ «ጠርጣሪት» የሚል ስም አወጣላት።

«ምንሽ ይሰረቃል ብለሽ ነው?» አላት አንድ ቀን ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ያንን ፎቶ አይቶ የሚሰርቅሽ ሌባ ዓይኑን የታመመ ነው!»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። እሷ አልሳቀችም።

«ያንተን ፎቶስ አይተኸዋል? ጥላሸት በልቶት ሰው ይሁን ድስት አይለይም። ካርድህን ያነሣ ሁሉ አንተን መሆን ይችላል።»

«እኔን መሆን ያማረው ካለ ይምጣ፤ ብየዳውንም ይበይድልኝ!»

ያማረው ሰው ቀድሞ መጥቶ እንደሄደ አላወቀም።

አንድ ረፋድ ላይ የብረት መቁረጫው ዲስክ ተሰበረና ስንጣሪው መነጽሩን ጥሶ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሐኪሟ ነገሩን አላለሳለሰችም። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገልህ ይህ ዓይን አያይም።» ሕክምናውን የሚሸፍነው የጉዳት ካሳ ቢሮ ስለሆነ፣ ከዚያ የፈቃድ ደብዳቤ ማምጣት ነበረበት።

የቢሮው ሠራተኛ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ መታችና ፊቷን አጠቆረች።

«የግራ አውራ ጣትህን አሳየኝ።»

«የታመመው ዓይኔ ነው፣ እህቴ።»

«ጣትህን አልኩ!»

ዘረጋላት። እንደ ተጭበረበረ ማኅተም አገላብጣ አየችው።

«እዚህ ፋይል ላይ ይህ ጣት አምና ከሥሩ ተቆርጧል። ካሳውም ተወስዷል። ፊርማህ ይኸው።»

ፊርማው የራሱ ነበር።

«ጣቴ ይኸው አይደል እንዴ! እያየሽው!»

«እያየሁት ነው። ስለዚህ ወይ አምና ዋሽተሃል፣ ወይ ዛሬ ያልሆንከውን ሰው ሆነህ መጥተሃል። ፋይሉ ታግዷል። ሰው በስምህ ተጠቅሞ ከሆነ ማን እንደሆነ በጽሑፍ አመልክት፤ ማጣራቱ ያን ቀን ይጀመራል። ቀጣይ!»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄደ።

«ወንድም ጋሼ፣ በኔ ቅጽ ጣቱን ያስቆረጠው ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብለው ማሉ።

በያጁ ዓይኑ ላይ የታሰረውን ፋሻ ነካ አደረገ። «ግንባር ያደረግኸው የኔን ነው» አላቸው። አሥራ አራት ዓመት አንቱ ሲለው የኖረውን ሰው አንተ አለው። ከዚህ በኋላ እኛም አንቱታውን እንተወዋለን።

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። ሥራ ፈት የነበረው ትልቁ ልጁ ጓሯቸው ውስጥ እንጨት ሲቆርጥ ጣቱን አጣ። የተፈረመው ቅጽ መሳቢያ ውስጥ፣ ካርዱ ምስማር ላይ ነበር። «በያጁ ነኝ በል» ብሎ ላከው።

«ወረቀት ነው እንጂ ሥጋህን አልነካሁም!» ብሎ ጮኸ። «ጤነኛ ነበርክ፣ ምን ጎደለብህ? ስንቴ አርፍደህ በሰዓቱ ገባ ብዬ ጽፌልሃለሁ? ያኔ ውሸቱ ጣፍጦህ አልነበር?»

 በያጁን ከሁሉ ያቃጠለው ይህ እውነት መሆኑ ነው።

ቤት ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ገብቷል።

«ወንድሜን ልታሳስረው ነው?» አለች ሚስቱ ከበሩ ሳያልፍ።

«ወንድምሽ ዓይኔን እያሳጣኝ ነው!»

«የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። ነገ ሄዶ ያስተካክለዋል፤ ምሎልኛል።»

«በምኑ ማለልሽ? በዓይኑ?»

ቢጮህም ጠበቀ። ነገ ሌላ ነገ ወለደች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወንድም ጋሼ «ነገ» አለ፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ጠላት ተኳረፉ። በአሥረኛው ቀን ቀለም ቀቢዋ መጣች።

«ልትስቂብኝ ነው?» አላት።

«አስቤ ነበር። ፊትህን ሳይ ሳቄ ጠፋ። አመለከትክ?»

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» አለች ሚስቱ።

«ማንም። ግን ባልሽ አራት ቀን ነው የቀረው።» ወደ እሱ ዞረች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ስምህን ምስማር ላይ ሰቅለህ መጀመሪያ የናቅከው አንተ ነህ። አሁንም እየናቅከው ነው። ተነሥ!»

 ሚስቱ ጫማውን አምጥታ እግሩ ሥር ወረወረችው። ይቅርታ ያለችው በዚህ ነው።

ቢሮው ውስጥ ሁሉንም አስጻፈ፤ ቅጹን፣ ምስማሩን፣ የወንድም ጋሼን ስም፣ አርፍዶ በሰዓቱ ገባ የተባለበትን ቀን ሁሉ። ሠራተኛዋ የቀለም ሳጥኑን ገፋችለት።

«የግራ አውራ ጣት።»

ተቆርጧል የተባለው ጣት ወረቀቱ ላይ ጥርት ብሎ ታተመ።

«የዚያን ዕለት መጥተህ ቢሆን ኖሮ...» አለችና አልጨረሰችውም።

ማጣራቱ ስድስት ቀን ፈጀ። ሰዓት ተቆጣጣሪው ተከሰሰ፤ ደብዳቤውም ተጻፈ። ዓይን ግን ደብዳቤ አይጠብቅም።

በያጁ ሥራ ሲመለስ ሠራተኛውን ሰሌዳው ፊት ሰበሰበ። «ባዶ ቅጽ አትፈርሙ። ካርዳችሁን ኪሳችሁ ያዙ። ኮፒ ስትሰጡ ቀንና ጉዳይ ጻፉበት። በስማችሁ ምን እንደተጻፈ ሳትታመሙ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከተሰረቃችሁ ደግሞ፣ ሌባው የእናታችሁ ልጅ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ሌሊት አትደሩ።»

«ያረፈድን ቀንስ ማን ያስገባናል?» አለ አንዱ ቀልደኛ።

«አረፈደ ተብሎ ይጻፍ። እኔ በሰዓቱ ገባ የተባልኩበትን ቀን ሁሉ በዓይኔ ከፍያለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ይሁንና ማታ ላይ አሥራ አንድ ካርድ እዚያው ተሰቅሎ ነበር። ምክር እንዲህ ነው፤ ከሰማው የሚረሳው ይበዛል። ቀለም ቀቢዋ ባለቤቶቹን ከበሩ ሳይርቁ ጠርታ ካርዶቹን አደለቻቸውና ለበያጁ ምስማር መንቀያ ጉጠት አቀበለችው።

በአንድ ዓይን ርቀት በቀላሉ አይለይም። የመጀመሪያውን ምስማር ሁለት ጊዜ ሳተው። በሦስተኛው ያዘውና ነቀለው።