ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ

ሻለቃ ዙምቡል የመጫወቻ ካርታውን ሳጥን የጣቢያው ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቶ ተነሳ። ቀይ ስካርፍ ያደረገ ሰው መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ሳጥኑ ኪስ ገባ።

ፍሉሪን ሾርባውን መጠጣቱን አላቋረጠም። ለጦር ሰፈሩ ሁሉ የሻለቃው ሾፌር ነው። ለስለላ መሥሪያ ቤቱ «ድንቢጥ» ነው።

ዙምቡል ምስጢር ይሸጣል ብሎ ያሰማራው ኮሎኔል ኦዲሎ ነው። ኦዲሎም ዙምቡልም በዋና ከተማዋ በበርን ፓርላማ የሚቀመጡ የሕዝብ እንደራሴዎች ናቸው፤ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ደግሞ ዩኒፎርም ለብሰው ያዝዛሉ። ስዊስ እንዲህ ናት። ሕግ አውጪው ይተኩሳል፣ ጥርስ ነቃዩ መድፍ ያዛል።

«ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ያዘው» ብሎት ነበር ኦዲሎ። «እንደለበሰ ከሆነ የጦር ፍርድ ቤት አለ። ሱፉን ለብሶ ምክር ቤት ከገባ ግን፣ ያለመከሰስ መብቱን ለማንሳት ስንከራከር እኔ ጡረታ እወጣለሁ።»

«ተቀባዩስ?»

«እሱን ልቀቀው።»

ፍሉሪን ለምን አላለም። ኦዲሎ ሚዜው ነበር። ሚዜን ማን ይመረምራል?

አሁን ግን ቀዩ ስካርፍ ወደ ባቡሩ እያመራ ነው። ሳጥኑ ውስጥ፣ ኦዲሎ እንደነገረው፣ የጦሩ የተራራ ምሽግ ንድፍ አለ፤ ድንበር ከተሻገረ እዚያ የሚያድሩት ወታደሮች በቁማቸው ተሸጡ ማለት ነው።

ፍሉሪን ትእዛዙን ጣሰ።

ክርን። ግድግዳ። ካቴና። ከካርታዎቹ ስር ጥፍር የምታህል የመረጃ ቺፕ።

ሳጥኑን ይዞ ዙምቡል ወደተቀመጠበት መኪና ሄደ።

«ይሄን ማን ሰጠዎት፣ ሻለቃ?»

«ኦዲሎ ነዋ። ለአክስቴ ልጅ አቀብልልኝ ብሎ። ምነው፣ ጎደለበት እንዴ?»

ፍሉሪን መኪናውን አስነስቶ ወደ ጦር ዳኛው ቢሮ አዞረ።

የጦር ዳኛው፣ በቀሩት ወራት የፍቺ ጠበቃ ነው፣ አጠገቡ ሆኖ እያዳመጠ ፍሉሪን ለኦዲሎ ደወለ።

«ዕቃው አልፏል።»

«ጎበዝ። ዙምቡልስ?»

«ታስሯል።»

«ምስኪን» አለ ኦዲሎ። እየሳቀ ነበር።

ዳኛው በረጅሙ ተነፈሰ። «ማስረጃው ይበቃኛል። ግን ሰውዬው በርን ከተማ ነው፣ በሱፍ። ብነካው መቶ ፖለቲከኛ ይነሳብኛል። ባልና ሚስት ይሻሉኛል።»

«ነገ የአገልግሎቱ መዝጊያ፣ የሰንደቅ ማስረከቢያ ሰልፍ ነው» አለ ፍሉሪን። «ሰንደቁን የሚቀበለው እሱ ነው፣ ዩኒፎርሙን ለብሶ። ሙዚቃ ባለበት አይቀርም።»

አልቀረም። ጫማው እያበራ፣ ደረቱ ተነፍቶ መጣ። ሰንደቁን እንደጨበጠ ወታደራዊ ፖሊሶች ግራና ቀኙ ቆሙ። ሙዚቀኞቹ ነገሩ ስላልገባቸው መንፋታቸውን ቀጠሉ።

«ሚዜህ ነኝ እኮ» አለ ኦዲሎ ቀስ ብሎ።

«ተቀባዩን ልቀቀው ስትለኝም ሚዜዬ ነበርክ።»

ዙምቡል መኪናው አጠገብ ቆሞ ጠበቀው። ሁሉንም ነግረውታል።

«ስለ ሚስቴ ሕመም ያጫወትኩህንም ሪፖርት አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ፣ ሻለቃ።»

ፍሉሪን እጁን ለስንብት ዘረጋ። ዙምቡል አየውና የራሱን መዳፍ ወደ ላይ ገልብጦ ዘረጋ።

«ቁልፉን። ራሴ እነዳለሁ።»

ፍሉሪን ወደ ቤቱ የተሳፈረበት ባቡር ከአገልግሎት በተለቀቁ ሰዎች ተጨናንቋል። ነገ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ መምህር ነው፣ ሁሉም ሥራ አለው።

«አንተ ምን ነበርክ?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው፣ ቋሊማ እየቆረሰለት።

«ሾፌር።»

«የማን?»

ፍሉሪን ቋሊማውን ተቀበለ።

«አላውቀውም ነበር» አለ።