የዱር ወይኑ ሌባ

የደረቁ ዕፅዋት ቤቱ ቁም ሣጥን አልተሰበረም። የዱር ወይኑ ማኅደር ግን ባዶውን ተገኘ።

የጠፋው ሦስት ወረቀት ነው። በየወረቀቱ ላይ አንድ የደረቀ ሐረግ ተሰፍቷል፤ ከግርጌው መቼና በየትኛው ወንዝ ዳር እንደተለቀመ ተጽፏል። የዱር ወይን በአውራጃው ዛሬም እንደሚበቅል ከእነዚህ ሌላ ማስረጃ አልነበረም።

ዘበኛው ታሰረ።

እናቱ በዚያው የደረቁ ዕፅዋት ቤት ሃያ ዓመት ወለል ወልውላለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ምላሷ ግን ማንንም አይምርም። በሦስተኛው ቀን መርማሪው ሲመጣ በር ላይ ገተረችው።

«ልጄ ቅጠል ሰርቆ ምን ሊያደርገው? ፍየል ነው?»

መርማሪው ሳቁን ዋጠ። «ቁልፍ ነበረው፣ እማማ። አንድ የወይን ጠጅ ነጋዴም ካልገዛኋቸው ብሎ ሲመላለስ ነበር።»

«ቁልፍማ ኃላፊውም አለው።»

«ሰው የራሱን ቤት ይሰርቃል?»

ትታው ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው ድምጿ ተሰማ።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ!»

ፍሪዘሩ ያጉረመርማል። ከውጭ የመጣ ቅጠል ሁሉ ብል ይዞ እንዳይገባ መጀመሪያ እዚያ ሰባት ቀን ይቆያል። በዚህ ወር ግን ያመጣ ሰው አልነበረም።

መርማሪው ከፈተው። ሦስቱ ወረቀቶች በላስቲክ ተጠቅልለው ተኝተዋል።

«ትናንት ፍሪዘሩን ስወለውለው ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ባዶውን ነበር» አለች። «ልጄ እናንተ ጋ ነው። ነጋዴውስ ስለ ብል ምን ያውቃል? ቅጠሉን የምትመዘግበዋ ሠራተኛ እንደሆነች ፈቃድ ከወጣች ሳምንቷ ነው። ላስቲኩ ላይ ያለውን አንብበው።»

ከፍሪዘሩ የሚወጡበት ቀን ተጽፏል። ጽሕፈቱ የኃላፊው ነው።

ኃላፊው ብዙ አልተሟገተም።

«የዱር ወይን ከአውራጃው ጠፍቷል ብዬ መጽሐፍ ጽፌያለሁ። ስሜ የቆመው በሱ ነው። ነገ እንግዶች መጥተው ሊያዩዋቸው ነበር። ቤቴ ወስጄ ክብሪት ጫርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሌላ ማኅደር ውስጥ ልቀብራቸው መለስኳቸው።»

«ታዲያ ፍሪዘር ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«ከውጭ የገባ ቅጠል ሳይቀዘቅዝ ቁም ሣጥን አይገባም» አለ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሁሉ።

እናትየው እስከዚያች ሰዓት «ጌታዬ» ስትለው ኖራለች።

«ለደረቅ ቅጠል አንጀትህ ተላወሰ» አለችው። «ልጄ ሲሚንቶ ላይ ሲያድር ግን እያወቅክ፣ ጠዋት ጠዋት ‹አይዞሽ› ትለኝ ነበር።»

 ሻርፗን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደች።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ ልጇ ሱሪውን በእጁ ይዞ ወጣ፤ ቀበቶውን ወስደውበታል። ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ወገቡን አሰረችለት። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ መንገደኛው ሁሉ እያየ ዝም ብሎ ቆመላት።