ሳይሰናበት የማይሄድ ሰው

ያ ጤና ጣቢያ ዛሬ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ያን ጊዜ ግን ከፎቁ ላይ የኮሪያዋን የሞክፖ ወደብ የምታይ ጠባብ ክፍል ነበረችው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ እዚያ ክብ ሠርተን እንቀመጥ ነበር። ሁላችንም ሰው የሞተብን ነን። እኔ ታላቅ እህቴን፣ ገበያ ውስጥ ዓሣ የሚሸጡት እማማ ኦክቡን ባላቸውን፣ ቴሶፕ ደግሞ እናቱን ቀብረናል።

ቀብረናል አልኩ እንጂ ቴሶፕ ቀብሩ ላይ አልነበረም። የመርከብ መካኒክ ነው። ተራው ሲደርስ ዘይት የነካቸውን እጆቹን ሲያይ ቆየና፣ «ሐኪሙ ተስፋ የለም ሲለኝ ሲጋራ ልገዛ ብዬ ከሆስፒታሉ ወጣሁ። በዚያው መርከብ ተሳፈርኩ» አለ።

ማንም አልፈረደበትም። እኔም ቀና ብሎ እስኪያየኝ ድረስ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም።

የቡድናችን መሪ መምህርት ኖ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው፤ ቡድኑ እስኪበተን ድረስ አባላት ከክፍሉ ውጭ አይገናኙም። ስለዚህ እኔና ቴሶፕ የተዋደድነው በሰው ፊት፣ በሞት ወሬ መሃል ነው።

«ዛሬ ደክሞዎታል» ይለኛል።

«እርስዎም ምሳ አልበሉም» እለዋለሁ።

ደረጃው ሥር ስንደርስ እሱ ወደ መርከቦቹ፣ እኔ ወደ አባቴ ቤት፣ ዞር ሳንል እንለያያለን። አንድ ቀን እማማ ኦክቡን፣ «እናንተ ልጆች፣ ለባሌ ላልቅስ ወይስ እናንተን ልይ?» አሉን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ቴሶፕ እስከ ጆሮው ቀላ።

የቼሪ ዛፎቹ ሊያብቡ ሲሉ መምህርት ኖ ቡድኑ ከአንድ ወር በኋላ እንደሚያበቃ ነገሩን። «እስከዚያ መሰነባበት እንማራለን» አሉ።

እማማ ተቆጡ። «መለያየትም ትምህርት አለው እንዴ? በሩን ከፍቶ መውጣት ነው።»

«ባለቤትዎ እንደዚያ አይደል የሄዱት?» አሉ መምህርቷ ቀስ ብለው። «በሩ እስካሁን ተዘጋልዎት?»

እማማ መሐረባቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ቴሶፕ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀረ። መምህርት ኖ ወንበሩን ከክቡ አላወጡትም፤ አንዱ ኮቱን ሊያኖርበት ሲል፣ «ሰው አለበት» አሉት።

ልፈልገው ወጥቼ አውቶቡስ ፌርማታ ደርሼ ተመለስኩ። ዛሬ ጎትቼ ባመጣው ነገም ልጎትተው ነው ብዬ። ቤት ገብቼ የአባቴን ሾርባ አሞቅሁ።

የመጨረሻው ማክሰኞ ዝናብ ነበር። አንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ከቡድኑ ያገኘውንና የሚሰናበተውን መናገር ጀመረ። እማማ፣ «ባሌን የሞተ ዕለት ጠዋት በኩርፊያ ነው የሸኘሁት። ዛሬ እናንተ ፊት ይቅር በለኝ ልበለው» ብለው አለቀሱ። ገና እንባቸውን ሳይጠርጉ በሩ ተከፈተ። ቴሶፕ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ከጸጉሩ ውሃ እየወረደ ቆሟል።

«ደረጃውን ወጥቼ ወርጄ፣ ወጥቼ ወርጄ ነው» አለ።

«ቁጭ በል አንተ» አሉት እማማ። «ያመጣሁት የሩዝ ኬክ ሳይደርቅ።»

ተቀመጠ። እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ተሰናበተ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረ።

«ዩሪም፣ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቻለሁ። ወሩ ሳያልቅ ወደ ሲንጋፖር እሄዳለሁ። ሳልነግርዎት ልጠፋ ነበር። ከዚያ ባዶ ወንበሬን ሲያዩ ታየኝና አላስኬድ አለኝ።»

«እንኳን መጡ» ብቻ አልኩት።

ደረጃው ሥር ስንደርስ ደንቡ አብቅቷል። ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። ተጠግቶኝ ቆመና፣ «አሁን አንቺ ልበልሽ?» አለኝ።

«ብለኸኝ የለ» አልኩት።

የቀሩንን ቀናት አልተለያየንም። ኮረብታው ላይ ወጥተን ደሴቶቹን ስንቆጥር ሁልጊዜ ይምታታብን ነበር። ቤታችን መጥቶ የተበላሸውን የወለል ማሞቂያ ጠገነ። ሲወጣ አባቴ፣ «እጁ ወርቅ ነው፤ እግሩ ግን ባሕር ላይ ነው» አለኝ።

የሄደ ዕለት ወደቡ ድረስ ሸኘሁት። የምለውን ሁሉ አልኩት፤ ለእህቴ ያላልኩትን ጭምር። መርከቡ ነጥብ እስኪያክል ድረስ በስተኋላው ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት።

እሑድ እሑድ ይደውል ነበር። በዓመቱ እዚያው የመርከብ ጥገና ላይ ቋሚ ሥራ ሰጡት።

«ነይ» አለኝ።

አባቴ እህቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ማዕድ አልቀረበም። «አልችልም» አልኩት።

«አውቃለሁ። ሳልጠይቅሽ ብቀር ግን ይቆጨኝ ነበር።»

ከዚያ ስልኩ እየሳሳ ሄደ። ሊጠፋ ነው ብዬ ልቤን አዘጋጀሁ። አንድ እሑድ ጠዋት ደወለ።

«ልሰናበትሽ ነው» አለኝ። ድምፁ ይቆራረጣል። «ዝም ብዬ ብቀር ይገባሽ ነበር። አንቺን ግን እንደዚያ አላደርግሽም።»

ምን እንደሆንኩለት ነገረኝ። እኔም ነገርኩት። ከዚያ እንባዬ ቀደመኝ።

«አልቅሺ፤ አልዘጋም» አለኝ።

እውነትም አልዘጋም። ከወዲያ ማዶ የመርከብ ጥሩምባ ይሰማል፤ እሱ ይተነፍሳል፤ እኔ አለቅሳለሁ። ሲወጣልኝ፣ «በቃኝ፤ ደህና ሁን» አልኩት።

«ደህና ሁኚ ዩሪም» አለኝ።

አባቴ ከማድ ቤት ብቅ ብሎ፣ «ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«የምወደው ሰው ነው አባዬ» አልኩት። «ሊሰናበተኝ ነው የደወለው።»

አባቴ ተመልሶ ገባ። ሾርባውንና ሁለት ማንኪያ ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።